ሃምሳኛው መስመር

"ይሄ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው" አለች ሽቦ፣ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል።

ማንም አልሰማትም። የተቀመጠችበት ክፍል ለሁለተኛ ሰው የሚሆን ቦታ የለውም። ከሆስፒታሉ ላብራቶሪ ጀርባ ያለች፣ የመጥረጊያ ማስቀመጫ የምታህል ጠባብ ክፍል ናት፤ ግማሿን የኔትወርክ መሣሪያው የተሰቀለበት ሳጥን፣ ግማሿን ከጣሪያ እስከ ወለል የተንዠረገገ ኬብል ይዟታል። ሽቦ አንድ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ሽቦ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። የሆስፒታሉ የኔትወርክ ባለሙያ ሆና ከተቀጠረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ እጇ ላይ ኬብል ሳይኖር ያያት ሰው ስለሌለ፣ ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሩ ድረስ እንዲህ ይጠሯታል።

ስክሪኑ ላይ በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈው መልእክት ሁሉ መስመር በመስመር ይወርዳል። የሙያው ሰዎች ፓኬት ይሉታል። እያንዳንዱ ፓኬት ከየትኛው ማሽን ተነስቶ ወደ የትኛው እንደሚሄድ አናቱ ላይ ተጽፎበታል፤ መተንተኛው ፕሮግራም ይህን እያነበበ ጤነኛውን በነጭ፣ በሽተኛውን በጥቁር ይደረድራል። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ስክሪኑ ነጭ ነበር። አራት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ሲሆን ጠቆረ። የላብራቶሪው ኮምፒውተር የምርመራ ውጤት ተቀብሎ ለየክፍሉ ወደሚያከፋፍለው ማሽን፣ ወደ ሰርቨሩ ይልካል፣ መልስ የለም። ያንኑ ይደግማል፣ መልስ የለም። አንዳንዱ በአራተኛው ሙከራ ይደርሳል፤ ብዙው ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ሽቦ ውሸት ያለችው ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት ነው። "በተደረገው ፍተሻ በኔትወርኩ ላይ ምንም እንከን አልተገኘም፤ የውጤቶቹ መዘግየት ከሠራተኛዋ ቸልተኝነት የመጣ ነው" ይላል። የጻፈው የክፍሏ ኃላፊ፣ ሁሉም ሰው ኢንጂነር የሚለው ሰውዬ ነው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ይህን ወረቀት ይዞ እታለምን ከሥራ ሊያባርር ይቀመጣል።

እታለም የላብራቶሪው ውጤት መዝጋቢ ናቸው። ሃያ ስምንት ዓመት እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ቀርቷቸዋል። ከሦስት ወር ወዲህ ጧት ጧት የሚልኩት ውጤት ሕፃናት ክፍል አልደርስ ሲል መጀመሪያ ስልክ ደወሉ። ቀጥለው ለእነሽቦ ክፍል አመለከቱ። ሰሚ ሲያጡ ጊዜ ውጤቱን በወረቀት እያተሙ በእግራቸው ማድረስ ጀመሩ። ላብራቶሪው ምድር ቤት ነው፣ ሕፃናት ክፍል ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ለታካሚ ብቻ ነው የተባለ ጊዜ ደግሞ ትእዛዝ አክባሪ ሰው ስለሆኑ፣ ያን የሚያማቸውን ጉልበት ይዘው በደረጃው ነው የሚወጡት። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ሕፃን ውጤት አንድ ሰዓት ዘግይቶ ልጅቷ ለጥቂት ተረፈች። ሐኪሙ ጮኸ፣ እናትየዋ አለቀሰች፣ ዳይሬክተሩ ጥፋተኛ ፈለገ። ጥፋተኛም ሳይርቅ ተገኘ። ክሱ ላይ በሁለተኛ ተራ የተጻፈው ጥፋት "በሥራ ሰዓት ደጋግሞ ከመቀመጫ መነሳት" ይላል። ሽቦ ይህን ባነበበች ቀን ቆሽቷ አሯል፤ እስከ ዛሬም አልበረደላትም።

የባሰው ነገር ግን ከኢንጂነር ፊርማ ሥር የራሷ ፊርማ መኖሩ ነው። ሐሙስ ጧት ስድስት ወረቀት ደራርቦ አምጥቶ ቶሎ ቶሎ በይ አላት፤ የወሩ ሪፖርት መስሏት የመጨረሻ የመጨረሻውን ገጽ እየገለጠች ፈረመች። ፍተሻ የተባለውም የታወቀ ነው። ላብራቶሪው ሥራ ላይ እያለ ኬብል መንካት ስለማይፈቀድ፣ እሷም ኢንጂነርም ሁልጊዜ የሚፈትሹት ሰው ምሳ ሲወጣ ነው። በምሳ ሰዓት ደግሞ ኔትወርኩ ምንም አይለውም። ሦስት ወር ሙሉ በሽተኛውን እስኪሻለው እየጠበቁ ነበር የሚመረምሩት። ዛሬ ግን ማንንም ሳታስፈቅድ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ባልዲው ላይ ተቀምጣለች።

ጥቁሮቹ መስመሮች ከመጀመራቸው በፊት ምን እንዳለፈ ለማየት ወደ ላይ መለሰችው። አራት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ አንድ የተለመደ ጥያቄ አገኘች። ማሽኖች ሊነጋገሩ ሲሉ አስቀድመው የሚጠያየቁት ነው፦ መጨረሻው ሃምሳ የሆነው አድራሻ የማን ነው? ሃምሳ የላብራቶሪው ሰርቨር ነው። ሰርቨሩም የእኔ ነው ብሎ መልሷል። ከሥሩ፣ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ፣ ሌላ ማሽን፣ አይደለም፣ የእኔ ነው ብሏል። ፕሮግራሙ በቢጫ አስምሮ አንድ አድራሻ በሁለት ማሽን ተይዟል የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎበታል።

ለሁለት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ተሰጥቶ፣ ፖስተኛው ደብዳቤውን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ሲጥል ከርሟል ማለት ነው። እታለም ቢልኩ ቢልኩ፣ ያኛው ቤት እየተቀበለ ዝም ነው የሚለው። ከውጭ የሚሰማት ሰው ያበደች ቢመስለው የራሱ ጉዳይ ብላ ብቻዋን ጮክ ብላ ተሳደበች።

የሁለተኛው ማሽን የፋብሪካ መለያ ቁጥር እዚያው መስመሩ ላይ አለ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ፊደልና ቁጥር መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች። ይህ መለያ በየትኛው ቀዳዳ በኩል እንደሚገባ ከኔትወርክ መሣሪያው ፈለገች፤ ሃያ ሦስተኛው ቀዳዳ ነው። ከቀዳዳው በላይ በራሷ የእጅ ጽሑፍ የተለጠፈው ወረቀት "አራተኛ ፎቅ፣ ስብሰባ" ይላል። ላፕቶፑን እየመዘገበ እንዲቆይ ኬብሉ ላይ እንደተሰካ ባልዲው ላይ ትታ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ እታለም የደረጃውን ብረት ተደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። በሌላኛው እጃቸው ሦስት የታጠፉ ወረቀቶች ይዘዋል።

"ዛሬም አልሄድ አለ?" አለቻቸው ሽቦ።

"ዛሬም። እስከ ስምንት ሰዓት ሠራተኛ ነኝ መቼስ።"

"ይስጡኝ፣ እኔ ላድርስልዎ።"

"የስንቱን ታደርሺልኛለሽ?" አሉ እታለም፣ ወረቀቱን ወደ ደረታቸው ስብስብ አድርገው። "እኔ የእኔን ሥራ እየሠራሁ ነው። አንቺ ያንቺን ሥሪ።"

ሽቦ አለፈቻቸው። ፊቷ ግን እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር።

አራተኛ ፎቅ፣ የስብሰባው አዳራሽ ውስጥ፣ የየጧቱ ስብሰባ ተጧጡፏል። ዳይሬክተሩና አምስት የክፍል ኃላፊዎች፣ ኢንጂነርም ጭምር፣ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበዋል፤ ግድግዳው ላይ ካለው ትልቅ ስክሪን አንድ ራሰ በራ ሰውዬ ከሌላ ሆስፒታል ሆኖ ስለ ጥራት ያወራል። ከስክሪኑ ሥር ያለው የቪዲዮ መሰብሰቢያ ዕቃ ከሦስት ወር በፊት ነው የተገዛው። አራት ሰዓት ላይ ይበራል፣ አምስት ሰዓት ላይ ይጠፋል። ሽቦ ይቅርታ ሳትጠይቅ ገብታ፣ ከዳይሬክተሩ ጀርባ አልፋ ስክሪኑ ሥር ተንበረከከች። ዕቃውን ገልብጣ የተለጠፈበትን ቁጥር ከመዳፏ ጋር አስተያየችው። ስድስቱም አንድ ናቸው። ኬብሉን ነቀለችው፤ ራሰ በራው ሰውዬም አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ።

ዳይሬክተሩ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ይሄ ዕቃ የላብራቶሪ ውጤት ሲበላ ነው የከረመው አለች። ኢንጂነር ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳና ቀላል ብልሽት ናት፣ አሁን ትስተካከላለች እያለ ክንዷን ይዞ ወደ ኮሪደሩ አወጣት። በሩን ከኋላው ዘጋ።

"ጤና የለሽም እንዴ?"

"የዚህን ዕቃ አድራሻ የሞላው ማነው?" አለች ሽቦ፣ መዳፏን ፊቱ ላይ ዘርግታ። "ሃምሳ ቁጥርን ማነው የሰጠው?"

ኢንጂነር መዳፏን አየ። ቁጥሩን ሁለቴ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ሰውዬው ሰነፍ ይሁን እንጂ ደደብ አይደለም፤ ወዲያው ገባው።

ዕቃው የገባ ዕለት ዳይሬክተሩ አናቱ ላይ ቆሞ ያጣድፈው እንደነበር ነገራት። ሃምሳ ቁጥርን በኮምፒውተር ጠርቶት መልስ አልሰጠም፤ ነፃ ነው ብሎ ሞላው። ሽቦ ቀኑን ስትሰማ ትዝ አላት። ያን ቀን የሰርቨሩን ባትሪ ልትቀይር ራሷ አጥፍታው ነበር። የጠፋ ማሽን ቢጠሩት ከየት አምጥቶ ይመልሳል?

"አሁን ሌላ ቁጥር እሰጠዋለሁ" አለ ኢንጂነር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ከነገ ጀምሮ ሁሉም ይደርሳል። ነገሩ አለቀ።"

"እታለምስ?"

"እነግርላቸዋለሁ። በማስጠንቀቂያ ያልፏቸዋል።"

"ማስጠንቀቂያው ለምናቸው ነው? ደረጃ ለወጡበት?"

"ድምፅሽን ቀንሺ። ደግሞስ የመሥሪያ ቤቱን ኬብል እንድትጠልፊ ማን ፈቀደልሽ? የታካሚ ስም የሚያልፍበት መስመር ነው።"

"የፓኬቱን አናት ብቻ ነው የያዝኩት፣ ሆዱን አልከፈትኩም። ባስፈቅድህስ ትፈቅድልኝ ነበር? ሦስት ወር ሙሉ እንከን የለም ብለህ ስትጽፍ አንድ ቀን በሥራ ሰዓት ወርደህ አይተሃል?"

ስድስት ዓመት ሙሉ እርስዎ ስትለው የኖረችው ሰው ነው። አንተ ስትለው እሷንም ገረማት፤ ግን ደግሞ ደስ አላት። የአድራሻ ደብተሩን ይዤ ኮሚቴው ፊት እገባለሁ፣ ሃምሳ ቁጥር የማን እንደሆነ ደብተሩ ይናገር አለችው። ደብተሩን እሷ ናት ያስጀመረችው፤ ማንኛውም በእጅ የሚሰጥ አድራሻ እዚያ ይጻፋል፣ ሳያዩ መስጠት ክልክል ነው ብላ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሁሉንም ስታስጨንቅበት ኖራለች።

ኢንጂነር አልተቆጣም። በሩን ሊከፍት እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ዞር አለ።

"ደብተሩን ያን ቀንም አይቼዋለሁ" አለ። "አንቺስ አይተሽዋል?"

ቢሮዋ እስክትደርስ ድረስ ምን ለማለት እንደፈለገ አልገባትም። መሳቢያውን ከፍታ ሰማያዊ ሽፋን ያለውን ደብተር አወጣች። ከአንድ እስከ ሁለት መቶ ቁጥሮቹን አስቀድማ በማስመሪያ አስምራ የጻፈችው እሷ ናት፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ፊት የማሽኑ ስም ይሞላል። አርባ ስምንት፣ የፋርማሲ ማተሚያ። አርባ ዘጠኝ፣ የራጅ ክፍል። ሃምሳ፣ ምንም። ሃምሳ አንድ፣ የካርድ ክፍል።

ሽቦ ደብተሩን እንደያዘች ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። ኢንጂነርም ዕቃውን አልጻፈበትም፤ ግን ቦታው ባዶ ሆኖ የጠበቀው እሷ ስላልጻፈች ነው። ሰርቨሩ የተተከለው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። አድራሻውን ማሽኑ ላይ የሞላችው በራሷ እጅ ነው። የዚያን ዕለት ልጇ አተኩሶት ከመዋዕለ ሕፃናት ተደወለላት፣ ነገ እጽፈዋለሁ ብላ ሮጠች። ነገ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን በቃሏ ስለምታውቀው ደብተሩን የምታይበት ምክንያት አልነበራትም። ሌላውን ሰው በደብተር ስታስጨንቅ የራሷን ግን በጭንቅላቷ ይዛ ከርማለች። ጧት ሙሉ ሌላ ሰው ላይ ሲነድ የነበረው ንዴት ዞሮ መጥቶ እሷኑ ያዛት። ኢንጂነርን ትሰድብበት የነበረውን ስድብ ሁሉ፣ አንዱንም ሳታስቀር፣ ለራሷ ደገመችው።

ምሳ አልበላችም። ሰባት ሰዓት ላይ ባሏ ልጁን ማን እንደሚያመጣው ሊጠይቃት ደወለ። እሱ እንዲያመጣው ነገረችውና የቀረውንም ዘረገፈችለት። ባሏ የሱቅ ጥበቃ ካሜራ የሚገጥም፣ ነገር ማብዛት የማይወድ ሰው ነው።

"ጻፊዋ በቃ" አላት። "ሰርቨሩ ሃምሳ አይደለም እንዴ? ሃምሳ ነው ብለሽ ብትጽፊ ምኑ ነው ውሸቱ?"

"ዛሬ መጻፌ።"

"ቀን የሚጻፍበት ቦታ አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያውስ። እሱ ሰውዬ ሪፖርቱን በውሸት ሲጽፍ እጁ አልተንቀጠቀጠም። አንቺ እውነቱን ስትጽፊ ምኑን ነው የምትፈሪው? ደግሞ ሴትዮዋ ይድናሉ። ማሸነፍሽን ነው ማየት ያለብሽ።"

ስልኩን ዘግታ እስክሪብቶውን አነሳች። ጧት መዳፏ ላይ የጻፈችበት ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፤ የደብተሩም ጽሑፍ ሁሉ በዚሁ ቀለም ነው። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀራት። ያን ቃል ብትጽፍ ኢንጂነር አይቼዋለሁ ባዶ ነበር ቢል ማን ያምነዋል? በውሸት የፈረመ ሰው ነው። አለቀለት ማለት ነው፣ እሷም ነጻ ወጣች፣ እታለምም ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። ይህን ሰውዬ እጁን አጣምሮ፣ የሚናገረው ጠፍቶት፣ ኮሚቴው ፊት ላብ ሲያጠምቀው ለማየት ነፍሷ ቋመጠች። የእስክሪብቶውን ጫፍ መስመሩ ላይ አሳረፈች።

ከዚያ ይህንኑ ነገር ያየችው ኪሷ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ መሆኑ ታሰባት። በምሳ ሰዓት ፍተሻ ተጽፎ፣ ጧትን እንዳየ ሰው የሚናገር ወረቀት። እስክሪብቶውን አነሳችና ክዳኑን ገጠመችለት። መስመሩ ላይ የቁንጫ ዓይን የምታህል ሰማያዊ ነጥብ ቀረች።

ስምንት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ አምስት የኮሚቴ አባላት ተደርድረዋል። ስክሪኑ ጠፍቷል። ኢንጂነር ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። እታለም ከጠረጴዛው በዚህኛው ጫፍ ብቻቸውን ናቸው፤ ለዕለቱ ብለው አዲስ ነጠላ ጫማ አድርገዋል፣ አራት ፎቅም ወጥተውበታል። የፋርማሲው ኃላፊ የሆኑት ሰብሳቢ፣ ሽቦ ስትገባ አንቺ አልተጠራሽም አሏት። ማስረጃ ይዤ ነው ብላ መለሰች። ማስረጃ ያለው ሰው የያዘውን ሁሉ ለሰብሳቢው ነው የሚያስረክበው፣ ደንቡ እንዲያ ነው። ሽቦ ላፕቶፑን ለሰብሳቢው አቀረበችና ጥቁሮቹን መስመሮች፣ ቢጫውን ማስጠንቀቂያ፣ ኬብሉ ከተነቀለበት ደቂቃ በኋላ ስክሪኑ እንዴት ነጭ እንደሆነ አሳየቻቸው። ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ሰዎቹ ወደ ኢንጂነር ዞሩ።

"አድራሻውን የሰጠሁት ደብተር አይቼ ነው" አለ ኢንጂነር፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "ደብተሩን ትሰጣችሁ።"

ሽቦ ደብተሩን ከብብቷ አወጣች። ለሰብሳቢው ግን አልሰጠችም። ጠረጴዛውን ዞራ ሄዳ እታለም ፊት ገልጣ አስቀመጠችው።

"መጀመሪያ እርስዎ ይዩት።"

እታለም መነጽራቸውን አደረጉ። ዕድሜ ልካቸውን መዝገብ ያነበቡ ሰው ናቸው፤ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች እየነዱ መጥተው ሃምሳ ላይ አቆሙ።

"ይሄ ባዶ ነው" አሉ።

"የእናንተ ሰርቨር መጻፍ ነበረበት። የምጽፈው እኔ ነኝ። አልጻፍኩትም።"

"ይቺ ነጥብስ?"

"ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ልጽፈው ነበር።"

ኢንጂነር ስልኩን ኪሱ ከተተ። እታለም መነጽራቸውን አውልቀው ቀና ብለው አዩዋት። ሽቦ ይቅርታ ጠብቃ ከነበረ ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ ንዴት ነው የነበረው፣ ሦስት ወር የተጠራቀመ፣ እንደ እሷ የማይጮህ ንዴት።

"እኔ ያን ደረጃ ስወጣ ታይኝ ነበር" አሉ።

"አይዎት ነበር።"

"እንግዲህ ለእነሱ ንገሪያቸው። ከሥሩ ጀምረሽ፣ ምንም ሳታስቀሪ።"

ከእታለም አጠገብ አንድ ባዶ ወንበር ነበር። ሽቦ ወንበሩን አየችው፣ አልተቀመጠችበትም። ኪሷ ውስጥ ተጣጥፎ የዋለውን ሪፖርት አውጥታ፣ መጨረሻውን ገጽ ከደብተሩ ጎን ዘረጋችና ከራሷ ፊርማ ጀመረች።